አብሮ መቆም፦ ከትራንስ ሰው ጋር ስለ እምነት እንዴት እንነጋገር፣ እንዴትስ እንጸልይ

ትራንስጀንደር፣ ባጭሩ ትራንስ፣ የምንላቸው ሲወለዱ የተሰጣቸው ጾታ በውስጣቸው ከሚያውቁት ማንነት ጋር የማይገጥምላቸውን ሰዎች ነው። ብዙዎቹ አማኞች ናቸው፤ ወይም ነበሩ፤ ወይም መሆን እየፈለጉ በር ላይ ቆመዋል። ሆድ ይፍጀው ብለው ለዓመታት የያዙትን ነገር አፍ አውጥተው የሚናገሩት ከሐኪም በፊት ለእናት፣ ለጓደኛ ወይም ለሃይማኖት አባት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ መመሪያ በዚያ ሰዓት ፊት ለፊት ለሚቀመጠው ሰው ተጻፈ። ወደ መጨረሻው አካባቢ ለራሳቸው ለትራንስ ሰዎች የሚሆን ክፍልም አለው።

አቋማችንን አስቀድመን እንናገር። በጾታ ጉዳይ ያላችሁ ሃይማኖታዊ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ሰውን መንከባከብ መዘግየት የለበትም። የሊቃውንቱ ክርክር ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ዛሬ ያነጋገሯችሁ ሰው ግን ዛሬ ማታ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ከራሳቸው ጋር ብቻቸውን ይሆናሉ። ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን ነገር፣ ያ ጥያቄ ገና ያልተፈታላችሁ ብትሆኑም፣ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ከመቀመጣችሁ በፊት

ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው ትራንስ መሆን የአእምሮ ሕመም አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 የጸደቀውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ጉዳዩን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ከወሲባዊ ጤና ጋር በተያያዙ ሁኔታዎች ምዕራፍ ውስጥ አስቀምጦታል። ጨርሶ ያልሰረዘው ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች እንዳያጡት ነው።

ሁለተኛው ጭንቀቱ ከየት እንደሚመጣ ነው። ተመራማሪው ኢላን ሜየር እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ሌሎች አናሳ ቡድኖች ያብራራው፣ በኋላ ሌሎች ለትራንስ ሰዎችም የተጠቀሙበት ሐሳብ ጫናውን በንብርብር ያየዋል። በላይ ያለው የደረሰው ነገር ነው፦ ስድብ፣ መባረር፣ መመታት። ከሥሩ መጠበቅ አለ፦ ዛሬስ ማን ምን ይለኝ ይሆን እያሉ ሁልጊዜ ነቅቶ መኖር። ከሁሉ ሥር ደግሞ የሌሎች ቃል የራስ ቃል ሲሆን ነው። በእምነት ሰዎች ዘንድ የሚከፋው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ስድቡ በራሳቸው ድምፅ፣ በራሳቸው ጸሎት ውስጥ ይገባልና። ማታ ተንበርክከው ራሳቸውን የሚረግሙ ሰዎች አሉ። ስለዚህ «ለመለወጥ» ታስቦ የሚደረግ ጸሎትና ምክር ያንኑ ንብርብር ያወፍረዋል። በተባበሩት መንግሥታት ጉዳዩን ይከታተሉ የነበሩት ነጻ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2020 ይህ አሠራር፣ በእምነት ስም የሚደረገውንም ጨምሮ፣ በዓለም ዙሪያ እንዲታገድ ጠይቀዋል። ለመፈወስ ብላችሁ ከሆነ የምትቀመጡት፣ አትቀመጡ።

የመጀመሪያው ንግግር

ቦታው ሌላ ሰው የማይሰማበት፣ ነገር ግን መውጫው ለሁለታችሁም የሚታይበት ይሁን። በእሳቸውና በበሩ መካከል አትቀመጡ። ጊዜው አንድ ሰዓት ያህል ይሁን። ከ30 ደቂቃ ካነሰ ዋናው ነገር ሳይነገር ያልቃል፤ ሰው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የሚያሳልፈው እናንተን በመፈተን ነው፤ ትንሽ ነገር ወርወር አድርጎ ፊታችሁን ያያል። ከአንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ ደግሞ ሁለታችሁም ትደክማላችሁ፣ በድካም የተነገረ ነገር ደግሞ በማግሥቱ ያስፈራል። ስልካችሁን ዝጉ።

ወሬ ከመጀመሩ በፊት ስለ ምስጢር ተናገሩ፤ በጥቅሉ «አትስጉ» ማለት አይበቃም። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «የሚነግሩኝን ለማንም አልናገርም፣ ለባለቤቴም ቢሆን። ሕይወትዎ አደጋ ላይ ነው ብዬ ከሰጋሁ ብቻ እርዳታ እጠራለሁ፤ እሱንም ቢሆን መጀመሪያ ለእርስዎ ነግሬ ነው።» የገባችሁትን ቃል ጠብቁ። በእምነት ማኅበረሰብ ውስጥ ምስጢር በብዛት የሚወጣው በክፋት አይደለም፤ «ስም ሳልጠራ ለጸሎት ቡድኑ አሳወቅኩ» በሚለው በኩል ነው። ስም ባይጠራም ዕድሜ፣ ሰፈርና ሥራ ከተነገረ ሰው ይታወቃል። በዚህ ምክንያት ቤቱን፣ ሥራውን፣ አንዳንድ ቦታም ነጻነቱን የሚያጣ ሰው አለ። መልእክት ስትለዋወጡም ስልካቸውን ሌላ ሰው ይከፍተው እንደሆነ ጠይቁ፣ በምን ስም እንደምትጽፉም እንዲሁ።

ከዚያ አዳምጡ። የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ምክርም ጥቅስም አታስገቡ። ዝም ሲሉ ዝም በሉ፤ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ሳያልቅ ዋናው ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ስትናገሩ የሰማችሁትን መልሳችሁ በአጭሩ ንገሯቸው፣ ልክ ሰምታችሁ እንደሆነም ጠይቁ። ለምሳሌ «ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር ስለምን ኖሬ አልተመለሰልኝም» ካሏችሁ፣ «የፈጣሪ ጊዜ ከእኛ ጊዜ ይለያል» ማለት በሩን መዝጋት ነው። «ያን ሁሉ ዓመት ሲለምኑ የሚያውቅልዎት ሰው ነበር?» ብትሉ ግን ወሬው ይቀጥላል።

የሰውን ስሜት መረዳት ምን እንደሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ካስቀመጠው የተሻለ አላገኘንም። የሌላውን ዓለም እንደ ራሳችን አድርገን ማየት ነው፣ ነገር ግን «እንደ» የምትለዋን ቃል ሳንጥል። ከዚህ ቃል ወዲያና ወዲህ ስንሄድ ነው የምንሳሳተው። «እንደ»ን ስንጥል የሰውን ሕመም የራሳችን እናደርገዋለን፤ እንባችን ይቀድማል፣ እሳቸውም ሕመማቸውን ትተው እኛን ማጽናናት ይጀምራሉ። በወላጆች ዘንድ ይህ እጅግ የተለመደ ነው። ልጃችሁ ሲነግራችሁ ማልቀሳችሁ ነውር አይደለም፤ ግን «የማለቅሰው ስለምወድህ ነው፣ ወይም ስለምወድሽ ነው፣ አንተ ወይም አንቺ ስላጠፋችሁ አይደለም» የሚለውን በቃል ተናገሩ፣ ቀሪውን ለቅሶ ለትዳር ጓደኛ ወይም ለአማካሪ አቆዩት። በሌላ ወገን «የእሳቸውን ዓለም» ስንጥል ከአንገት በላይ ማዘን ይሆናል፦ «እኔም በወጣትነቴ ብዙ ተፈትኜ ነበር» እያልን የራሳችንን ታሪክ እናስገባለን።

ስለ ሰውነት አትጠይቁ። ቀዶ ሕክምና አድርገው እንደሆነ፣ ሊያደርጉ እንደሆነ፣ የድሮ ስማቸው ማን እንደነበር፣ ድሮ ምን ይመስሉ እንደነበር የንግግሩ ጉዳይ አይደለም። መለኪያው ቀላል ነው፤ ይህንኑ ጥያቄ ለሌላ ምእመን እንጠይቅ ነበር? ካልሆነ ይቅር። የሚጠቅሙት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ከእምነትዎ ውስጥ አሁንም ዕረፍት የሚሰጥዎ የትኛው ነው? የትኛውስ ያቆስልዎታል? ዛሬ ከእኔ የሚፈልጉት መስማት ነው፣ መጸለይ ነው ወይስ መረጃ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ስሕተት ያስቀራል።

ስምና አጠራር

አማርኛ ፊት ለፊት ያለን ሰው ስናናግር በየዓረፍተ ነገሩ ጾታ ያስመርጠናል። «መጣህ» ካላልን «መጣሽ» ነው፤ መካከል የለም። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ስም ለውጥ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሰዓት ወሬ ውስጥ መቶ ጊዜ የሚነካ ቁስል ወይም መቶ ጊዜ የሚገኝ ዕረፍት ነው።

ቋንቋው ራሱ ግን መሸጋገሪያ ሰጥቶናል፦ አንቱታ። እርስዎ እና እሳቸው ወንድና ሴት አይለዩም። ገና ሳታውቁ በአንቱታ ጀምሩና ጠይቁ፦ «ምን ብዬ ልጥራዎት? በአንተ፣ በአንቺ ወይስ እንዲሁ በአንቱታ ልቀጥል?» ራሳቸውን በወንድም በሴትም የማይመድቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ይመርጣሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዲት ትራንስ ሴት፣ ማለትም ስትወለድ ወንድ የተባለች ሴት፣ «አንቺ በሉኝ» ካለቻችሁ በኋላ በአንቱታ መቀጠል አክብሮት አይደለም፤ መሸሽ ነው፣ እሷም ታውቀዋለች። በተለይ የቅርብ ሰው ወይም ታናሽ ከሆነች «እርስዎ» የሚለው ቃል በመካከላችሁ ግድግዳ ያቆማል። አንቱታ ድልድይ ነው፤ ድልድይ ላይ ቤት አይሠራም።

ከስሞች ውስጥ ልጄ፣ ወዳጄ፣ ወገኔ፣ ዘመዴ ጾታ አያስመርጡም፤ ወንድሜና እህቴ ያስመርጣሉ። በጉባኤ «ወንድሞችና እህቶች» በማለት ፈንታ «ወገኖቼ» ወይም «ምእመናን» ቢባል ማንም ሳያስተውለው አንድ ሰው ቀለል ይለዋል። ስለ ድሮው ዘመን ስታወሩም የአሁኑን ስምና አጠራር ተጠቀሙ፤ «ልጅ ሳለሽ» በሉ እንጂ ለልጅነቷ ወደ «ሳለህ» አትመለሱ።

መሳሳታችሁ አይቀርም። ስትሳሳቱ «መጣህ፣ ይቅርታ፣ መጣሽ» ብላችሁ እለፉ። ረጅም ይቅርታ ሌላ ሸክም ነው፤ «ግድ የለም፣ ምንም አይደል» እንድትላችሁ ያስገድዳታልና። የአፍ ልማድ የሚለወጠው ደግሞ እሷ በሌለችበት ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አምስት ደቂቃ ብቻችሁን ሆናችሁ ስለ እሷ ጮክ ብላችሁ አውሩ፦ መጣች፣ ሄደች፣ ነገረችኝ፣ ወደድኳት። ስለ ሰው በሌለበት በትክክል የተናገረ ምላስ ፊት ለፊት አይሰናከልም።

ይህ ሁሉ ለስም ብቻ ነው ወይ የሚል ካለ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በአሜሪካ ሦስት ከተሞች የሚኖሩ ከ15 እስከ 21 ዓመት የሆናቸው 129 ትራንስ ወጣቶችን ያካተተ ጥናት የመረጡት ስም በቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በሥራና በጓደኞች ዘንድ ይጠራ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ስማቸው የሚጠራበት ቦታ በአንድ በጨመረ ቁጥር ራስን የማጥፋት ሐሳብ በ29 በመቶ፣ ሙከራውን የመሰለ ድርጊት ደግሞ በ56 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን ብቻውን አያረጋግጥም። ቢሆንም እናንተ ያላችሁበት ቤት ወይም የጸሎት ቤት ያ አንድ ተጨማሪ ቦታ መሆን ይችላል።

ግን ጠይቁ፦ «በቤተሰብዎ ፊት በየትኛው ስም ልጥራዎት?» በደስታ ያለ ቦታው የተጠራ አዲስ ስም ሰውን ያጋልጣል።

አብሮ መጸለይ

ከመጸለያችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ «እንጸልይ» ብላችሁ ዓይን አትጨፍኑ። ይፈልጋሉ? አሁን ወይስ በሌላ ጊዜ? በድምፅ ወይስ በዝምታ? እጄን ትከሻዎ ላይ ላድርግ ወይስ ይቅር? ብዙ ትራንስ ሰዎች በጸሎት ስም ተይዘው፣ ተገፍተው፣ ተጮኾባቸው ያውቃሉ፤ ራሳቸው ላይ የሚወርድ እጅ ያንን ያስታውሳቸዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በአማርኛ «እኔ» ጾታ የለውም። «ፈጣሪ ሆይ፣ ደክሞኛል፣ እዚህ ነኝ፣ ስማኝ» የሚለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ዓረፍተ ነገሩ አይነግረንም። ጾታ የሚገባው ሌላው ሰው ሲመርቅ ነው፦ ይባርክህ፣ ይባርክሽ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጸሎት እሳቸው በራሳቸው አፍ እንዲጸልዩ፣ እናንተ «አሜን» እንድትሉ እንመክራለን። ለብዙዎች ከፈጣሪ ጋር የሚነጋገሩበት ብቸኛው ጾታ ያልተለጠፈበት ቦታ ያ «እኔ» ነው። እናንተ የምትጸልዩ ከሆነ «እኛ» በሉ፦ ጠብቀን፣ አብረኸን ሁን፣ ብርታት ስጠን። በስም መመረቅ ስትፈልጉ የመረጡትን ስምና አጠራር ተጠቀሙ፤ ይህን በጸሎት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሊያለቅስ ይችላል፣ አታቋርጡት።

ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ጸሎት ሲረዝም ስብከት ይሆናል፣ ዓይን ስለተጨፈነ ደግሞ መልስ የማይሰጥበት ስብከት ነው። በፊታቸው ቀና ብላችሁ የማትናገሩትን ነገር በጸሎት ውስጥ ለፈጣሪ አትንገሩባቸው። «ልቡናውን መልስለት» ብሎ መጸለይ ሰውየውን ሳያናግሩ መገሠጽ ነው። ጋኔን ማስወጣት፣ በግድ ማስጾም፣ እንቅልፍ ነሥቶ ማሳደር፣ መያዝና ማሰር ደግሞ ከጸሎት ወጥቶ ጥቃት ሆኗል።

ጥቅስ ስትመርጡ ቀድማችሁ ጠይቁ። መዝሙር 139 (በሰባ ሊቃናት አቆጣጠር 138) ፈጣሪ በማኅፀን እንደሠራን የሚናገረው ለአንዱ ትራንስ ሰው «ማንነቴን ከጥንት ያውቀዋል» ማለት ነው፤ ለሌላው ግን «እንዲህ ነው የፈጠረህ፣ አትንካው» እየተባለ የተመታበት ዱላ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ታሪኩ ይለያያል። መዝሙር 88 (87) ግን ብዙም የማይነበብ ሀብት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው፣ የሚያልቀውም በጨለማ ነው፤ መጨረሻው ላይ ምስጋና አልተቀጠለለትም። ቅሬታ ራሱ ጸሎት መሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምዕራፍ አናውቅም። በቁርኣን 94ኛው ምዕራፍ ከችግር ጋር ምቾት እንዳለ ሁለት ጊዜ ይናገራል፤ ይህም ሰውየው ችግሩን ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ሲሰማ መጽናኛ ነው፣ ገና ሳይናገር ሲባል ግን አፍ ማስያዣ ይሆናል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ዌልውድ እ.ኤ.አ. በ1984 መንፈሳዊነትን ቁስልን ላለማየት መሸሻ ማድረግ ያለው ይህንኑ ነው።

ጽሑፎችና ውሳኔዎች ምን ይላሉ

ብዙ ሰው «ሃይማኖቴ ስለ እኔ ከእርግማን በቀር ቃል የለውም» ብሎ ነው የሚመጣው። መረጃ ከጠየቁ ያለውን እንዳለ ንገሯቸው፤ ለማስደሰት አትጨምሩ፣ ለማስፈራራትም አትቀንሱ።

በኢሳይያስ 56፥3-5 ከጉባኤው ይገለሉ ለነበሩ ጃንደረቦች በፈጣሪ ቤት ውስጥ መታሰቢያና የማይጠፋ ስም ቃል ተገብቶላቸዋል። በሐዋርያት ሥራ 8፥26-40 ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የሚያነበው ያንኑ የኢሳይያስን መጽሐፍ ነው፣ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድን ነው ብሎም ይጠይቃል፣ ፊልጶስም ያጠምቀዋል። ጃንደረባ ማለት ትራንስ ማለት አይደለም፣ እንዲህ ብሎ ማስተማር ስሕተት ነው። ግን በጾታቸው ምክንያት ከደጅ የቀሩ ሰዎች እንዴት እንደተስተናገዱ ያሳያል። የአይሁድ ሊቃውንት በጥንታዊ የሕግ መጻሕፍታቸው በሚሽናና በታልሙድ ውስጥ በወንድና በሴት መካከል ስለሚገኙ ሰዎች፣ አንድሮጊኖስና ቱምቱም እያሉ፣ የትኛው ሕግ እንደሚመለከታቸው በዝርዝር ተወያይተዋል።

በዘመናችን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 አዲሱን ስም በአምልኮ ውስጥ ለመቀበል የጥምቀት እምነት ማጽኛ ሥርዓቱ እንዲያገለግል መመሪያ አውጥታለች። ቫቲካን በኦክቶበር 2023 ትራንስ ሰዎች በምእመናን ዘንድ ማሰናከያ እስካልሆነ ድረስ እንደማንኛውም ሰው መጠመቅ ይችላሉ ብላለች፤ በአፕሪል 2024 ባወጣችው ሰነድ ደግሞ ጾታ መቀየሪያ ሕክምናን ተቃውማለች። ሁለቱንም ንገሩ። በኢራን መሪው አያቶላህ ኾመይኒ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሰጡት ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብያኔ) ጾታ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምናን ፈቅዷል፤ በብዙ ሌሎች የሙስሊም ሊቃውንት ዘንድ ግን ውጫዊ ጾታው ግልጽ ለሆነ ሰው አይፈቀድም። በሕንድ ሒጅራ የሚባሉት፣ ሲወለዱ ወንድ ተብለው ብዙዎቹ እንደ ሴት የሚኖሩ ሰዎች፣ በልደትና በሠርግ ላይ ሲመርቁ የኖሩ ማኅበረሰብ ናቸው፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በአፕሪል 15 ቀን 2014 ለሦስተኛ ጾታ ዕውቅና ሰጥቷል። ይህ የመጨረሻው አንድ ማስጠንቀቂያ ያስከትላል። ትራንስ ሰዎችን «ሁለቱንም ዓለም ያዩ፣ ከሁላችን ይልቅ የሚያዝኑ፣ ልዩ ጸጋ ያላቸው» እያሉ ማግነን ደስ የሚል ይመስላል፣ ግን እንደ ስድቡ ሁሉ ሰውየውን ከሰውነት ያወጣዋል። ሒጅራዎች ሲመርቁ ይፈለጋሉ፣ ቤት ሲከራዩ ይባረራሉ። ማንም ትራንስ ስለሆነ ብቻ ታጋሽ፣ አስተማሪ ወይም ቅዱስ የመሆን ዕዳ የለበትም።

ወደ አምልኮ ቦታ ከመውሰዳችሁ በፊት

ቀድማችሁ ብቻችሁን ሂዱና እነዚህን አረጋግጡ፦ ወንድና ሴት ተለይተው የሚቀመጡ ከሆነ የት እንደሚቀመጡ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚገባበት መጸዳጃ እንዳለ፣ ልብስን በተመለከተ በር ላይ ማን እንደሚጠይቅ፣ ስም በድምፅ የሚጠራበት ሥርዓት እንዳለ። ያገኛችሁትን ነግራችሁ ውሳኔውን ለእሳቸው ተዉ። በመጀመሪያው ቀን መውጫ አጠገብ ተቀመጡ፣ «እንውጣ» የሚል ምልክትም ተስማሙ። ሲወጡ ምክንያት አትጠይቁ።

ለራሳችሁ ለትራንስ ሰዎች

የተመስጦ ትምህርቶች አብዛኛውን ጊዜ «ሰውነታችሁን ከእግር እስከ ራስ ተከታተሉ» ይላሉ። ሰውነቱ ለሚያሳምመው ሰው ይህ ዕረፍት ሳይሆን መርማሪ መብራት ነው። ደረትና ወገብ ላይ ስትደርሱ ጭንቀት ከመጣ ድክመት አይደለም፤ መንገዱ አልተስማማችሁም። በምትኩ መዳፋችሁን፣ የእግራችሁን ጫማ ወይም ከውጭ የሚሰማ ድምፅ ያዙ፣ ዓይናችሁንም ክፍት አድርጉ። በአምስት ደቂቃ ጀምሩ። ደረት ማሰሪያ (ደረትን ጠፍጣፋ የሚያስመስል ጥብቅ ልብስ) የምትጠቀሙ ከሆነ በጥልቅ ከመተንፈስ ልምምድ በፊት አውልቁት፤ ማሰሪያው ሳንባን ስለሚይዝ ጥልቅ ትንፋሽ ማዞርና ፍርሃት ያመጣል። የተለመደው ምክር በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ እንዳይታሰር፣ ተኝቶም እንዳይታደርበት ነው፤ ሌሊት ሙሉ በሚቆይ አምልኮ ላይ ይህን አስቡበት።

በጾም ወቅት መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ የቀኑን አጠራቅማችሁም በማታ አትውሰዱ። ስፓይሮኖላክቶን፣ አንዳንድ ትራንስ ሴቶች የወንድ ሆርሞንን ለመከላከል የሚወስዱት መድኃኒት፣ ሽንት ያበዛል፤ ውሃ ሳይጠጡ ከሚጾም ጾም ጋር ሲደረብ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ይወድቃል። ትራንስ ወንዶች የሚወስዱት ሆርሞን ቴስቶስትሮን የቀይ የደም ሕዋስን መጠን ስለሚጨምር የውሃ ማነስ ደሙን ይበልጥ ያወፍረዋል። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም አነጋግሩ፤ የሚወሰድበትን ሰዓት ወይም ዓይነት መቀየር ይቻላል። በእስልምና አብዛኞቹ የዘመኑ ሊቃውንት ምግብነት የሌለው የጡንቻ መርፌ ጾም አያፈርስም ይላሉ። አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የምጾመው ለፈጣሪ ነው ወይስ ዳሌዬ ወይም ደረቴ እንዲጠፋ? ሁለተኛው ከሆነ ጾሙን አቁማችሁ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ከምግብ ጋር ያለ ሕመም በጾም ልብስ ለረጅም ጊዜ ይሸሸጋል።

ከማኅበረሰባችሁ ጋር መቆየት፣ መውጣት ወይም ራቅ ብሎ መቆም ሁሉም ይቻላል። ለመወሰን እንዲረዳችሁ ለስምንት ሳምንት ከየአምልኮው መልስ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ስገባ ምን ተሰማኝ፣ ስወጣስ? በስምንተኛው ሳምንት አንብቡት። አንድ ክፉ ቀን ሁሉን ነገር ክፉ ያስመስላል፣ አንድ ደግ ሰው ደግሞ ሁሉን ደግ ያስመስላል፤ ወረቀቱ ግን አያደላም። የምትጽፉትን ማን ሊያገኘው እንደሚችል አስቡና በምልክት ጻፉ። ብትወጡም ጸሎቱን ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ፤ ጸሎት የሕንፃው ንብረት አይደለም።

አድማጩ ሲደክም

የአንጎልና የስሜት ተመራማሪዎቹ ታንያ ሲንገርና ኦልጋ ክሊሜኪ ባደረጉት ምርምር የሰውን ሕመም መካፈልን ብቻ የተለማመዱ ሰዎች ከባድ ስሜት ሲጨምርባቸው፣ በጎ ምኞትና እንክብካቤን የተለማመዱት ግን ደኅና ስሜት ተመልሶላቸዋል። ስለዚህ ከንግግሩ በኋላ የሰማችሁትን ሕመም እየደጋገማችሁ አታመንዥኩ። አሥር ደቂቃ ተራመዱ፣ «ሰላም ይሁንላቸው» የሚል አጭር ልመና ደጋግሙ፣ ከዚያ አንድ የሚሠራ ነገር ሥሩ፦ የተጠየቃችሁትን መረጃ ፈልጉ፣ ለቀጣዩ ቀጠሮ ቀን ያዙ።

ሞት ሲታሰብ

ተስፋ መቁረጥ ከሰማችሁ በቀጥታ ጠይቁ፦ «ራስዎን ስለ ማጥፋት እያሰቡ ነው?» ጥያቄው ሐሳቡን አይዘራም፤ ብዙ ጊዜ ያስተነፍሳል። አዎ ካሉ እንዴት፣ መቼ፣ በምን ብላችሁ ጠይቁ። ዕቅድና መሣሪያ ካለ ብቻቸውን አትተዉ፣ መድኃኒቱን ወይም ሌላውን ነገር ከቤት አስወጡ፣ አብራችሁም ወደ ሕክምና ሂዱ። በዚህ ሰዓት ራስን ማጥፋት ኃጢአት ነው ብሎ ማስተማር አይጠቅምም፤ አስቀድሞ የተኮነነ የመሰለው ሰው በሌላ ኩነኔ አይድንም።

ስምን መቀበል፣ መጨረሻንም ማዘጋጀት

አዲስ ስምን በጸሎት መቀበል ለሚፈልጉ ሰዎች ቀላል ሥርዓት በቤት ማድረግ ይቻላል። የሚጠሩት ከሦስት እስከ ሰባት የሚታመኑ ሰዎች ይሁኑ፤ ፎቶ አይነሣ። ባለስሙ ስሙን ለምን እንደመረጡ በራሳቸው አፍ ይናገሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በስሙ ጠርቶ አንድ የምርቃት ዓረፍተ ነገር ይበል፣ አጠራሩንም ቀድሞ ይለማመደው። የድሮው ስም በዚያ ቤት አይነሣ፣ አይረገምም፤ ወላጅ በፍቅር ያወጣው ስም ሊሆን ይችላልና። 20 ደቂቃ ይበቃል።

ቀብርን ግን ሰው ማንሣት ይፈራል፣ ብዙ በደል የሚደርሰውም እዚያ ነው። ትራንስ ሰዎች ሞተው በድሮ ስማቸው የተቀበሩባቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልለበሱትን ልብስ ለብሰው የተገነዙባቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ይህን በሕይወት ሳሉ በጽሑፍ ማስቀመጥ ይቻላል፦ ሬሳውን ማን ይጠብ ወይም ይገንዝ፣ ምን ይልበስ፣ በጸሎቱ ላይ በየትኛው ስምና አጠራር ይነሣ፣ በመቃብሩ ላይ ምን ይጻፍ፣ ማን ይጸልይ፣ የተመረጠው ሰው እምቢ ቢል ማን ይተካው። ቀንና ፊርማ ይኑረው፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። በየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ ስለ ኑዛዜ የሚያውቅ የሕግ ሰው ቢያየው ይሻላል። ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በቤት፣ ሌላው ቀብሩን ለማስፈጸም ቃል በገባ ሰው እጅ። ያ ሰው ወረቀቱን መያዙን ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው ይወቅ፤ የሞተ ሰው ወረቀቱ የት እንዳለ መናገር አይችልም፣ ቀብር ደግሞ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ነው።